ይቅርታ የማን ነው? የርዕሰ ብሔሩ የይቅርታ ሥልጣንና ድንበሩ

አዲስ ዓመትና ሌሎች በዓላት ሲቃረቡ በየዜናው ከምንሰማቸው ነገሮች አንዱ "ለታራሚዎች ይቅርታ ተደረገ" የሚል ነው። ዜናው በተነገረ ማግስት በማረሚያ ቤት በር ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይቆማል። አንደኛው ልጁን ወይም ወንድሙን አቅፎ የሚመለስ ነው። ሁለተኛው "የእኔስ ለምን ቀረ?" እያለ በር በር የሚያይ ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ሰው አጥጋቢ መልስ የሚሰጠው ብዙም የለም። አንዳንዱ "ፕሬዚዳንቱ ከፈለጉ ማንንም ይፈታሉ፤ ሰው ማግኘት ነው እንጂ" ይለዋል። ሌላው ደግሞ "ፕሬዚዳንቱ ምን ሥልጣን አላቸው? የመጣላቸውን ፈርመው ይመልሳሉ" ይለዋል።

ሁለቱም አባባሎች ልክ አይደሉም። ይቅርታ በአገራችን ሕገ መንግሥት ውስጥ ቦታ ያለው፣ በር ያለው፣ አጥርም ያለው ሥልጣን ነው። በሩ የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ደጅ ሲጠና ይኖራል። አጥሩ የት እንደሆነ የማያውቅ ደግሞ የማይሰጠውን ሲለምን፣ ወይም ሊሰጥ የማይገባው ሲሰጥ ዝም ብሎ ሲያይ ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሩንም አጥሩንም በአጭሩ ማሳየት ነው። ሌላ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከዙፋን ወደ አንቀጽ

በቀድሞው ዘመን ይቅርታ የንጉሡ ነበር። በ1923ቱም ሆነ ተሻሽሎ በ1948 በወጣው ሕገ መንግሥት ቅጣትን መማርና ማቅለል የንጉሠ ነገሥቱ መብት ተብሎ ተጽፏል። ነገሩ ከዘመኑ አስተሳሰብ ጋር የሚሄድ ነው። ዳኝነት ከዙፋኑ ይፈልቃል ከተባለ፣ ፍርዱን ያወጣው ዙፋን መልሶ ቢምር ማን ይከለክለዋል? ፍርድ የንጉሡ ነው፤ ምሕረትም የንጉሡ ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀውና ነሐሴ 15 ቀን 1987 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ይህን መሠረት ለውጦታል። ሥልጣን የሚፈልቀው ከሕዝብ ነው ብሎ ስለተነሳ፣ ይቅርታም የአንድ ሰው የግል ስጦታ መሆኑ ቀርቶ በሕግ የሚሠራ የመንግሥት ተግባር ሆነ። አንቀጽ 71 የፕሬዚዳንቱን ሥልጣንና ተግባር ሲዘረዝር በንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ይቅርታ ያደርጋል ይላል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አያቆምም። ይቅርታው የሚደረገው በሕግ በተደነገጉ ሁኔታዎችና ሥነ ሥርዓት መሠረት ነው ብሎ ያስረዋል።

ይህች ጥቂት ቃላት ያላት ሐረግ ብዙ ነገር ትሸከማለች። "ሁኔታዎች" ሲል ለማን፣ በምን ጉዳይ፣ ምን ሲሟላ ማለቱ ነው። "ሥነ ሥርዓት" ሲል ደግሞ በማን አመልካችነት፣ በማን መርማሪነት፣ በምን ቅደም ተከተል ማለቱ ነው። ፕሬዚዳንቱ እስክሪብቶ ይዘዋል፤ ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ግን ሕጉ ነው።

ይህን ለማስፈጸም በመጀመሪያ በ1996 አዋጅ ቁጥር 395 ወጣ። ኋላም በ2006 በወጣው አዋጅ ቁጥር 840 ተተካ። በሁለቱም አዋጆች የይቅርታ ቦርድ አለ። ጥያቄው ለቦርዱ ይቀርባል፤ ቦርዱ ይመረምራል፤ የውሳኔ ሐሳቡን ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል፤ ፕሬዚዳንቱ ይወስናሉ። ጥያቄውን ታራሚው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ ወይም ጠበቃው ሊያቀርብ ይችላል። ክልሎችም በየራሳቸው ሥልጣን ሥር ለሚወድቁ ፍርደኞች የራሳቸው የይቅርታ ሕግና ቦርድ አላቸው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው "ሰውዬው በየትኛው ፍርድ ቤት፣ በየትኛው ሥልጣን ተፈረደበት?" የሚለውን ነው። የክልል ጉዳይ ይዞ የፌዴራል ቦርድ በር ላይ መቆም ጊዜን በከንቱ ማጥፋት ነው።

ስማቸው የሚምታታ አራት ነገሮች

በመንገድ ላይ ንግግራችን እስረኛ ሲፈታ ሁሉንም "ይቅርታ ተደረገለት" እንላለን። በሕግ ዓይን ግን እስረኛ የሚፈታባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። መለየቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የሰውን የወደፊት ሕይወት የሚወስን ነው።

አንደኛው ክስ ማቋረጥ ነው። ይህ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ዐቃቤ ሕግ የጀመረውን ክስ ሲተው ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 አቶ ጃዋር መሐመድ፣ አቶ እስክንድር ነጋና አቶ ስብሐት ነጋን ጨምሮ ታዋቂ እስረኞች እንደሚፈቱ ሲነገር ብዙ ሰው "ይቅርታ ተደረገላቸው" ብሎ አወራ። ነገር ግን የተቋረጠው ክስ ነበር። ያልተፈረደበትን ሰው ይቅር ማለት አይቻልም፤ ይቅር የሚባል ቅጣት ገና አልተወለደምና።

ሁለተኛው ይቅርታ ነው። ይህ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል ማስቀረት፣ ወይም ወደ ቀለለ ቅጣት መለወጥ ነው። በ1996 ጸድቆ ከ1997 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ ቅጣቱን እንጂ ፍርዱን አይሰርዝም። የጥፋተኛነቱ መዝገብ በቦታው ይቀመጣል፤ ሌሎች ውጤቶቹም ይቀጥላሉ።

ሦስተኛው ምሕረት ነው። ምሕረት ከይቅርታ የሰፋ ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 230 መሠረት ገና ያልተከሰሰውን እንዳይከሰስ ያደርጋል፤ የተፈረደበትንም እንዳልተፈረደበት ያስቆጥራል፤ መዝገቡም ይሰረዛል። ምሕረት ከአንድ ግለሰብ ይልቅ አንድን የወንጀል ዓይነት ወይም አንድን ዘመን የሚመለከት በመሆኑ በሕግ አውጪው በኩል ይመጣል። በ2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣው የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 ለዚህ ምሳሌ ነው።

አራተኛው አመክሮ ነው። ይህ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ታራሚው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ከፈጸመ፣ ጠባዩም ከታረመ፣ የበደለውንም በተቻለው መጠን ከካሰ፣ በገደብ ሊለቀቅ ይችላል።

እንግዲህ አንድ ሰው ከእስር ወጥቶ ሥራ ሊቀጠር ሲል፣ ንግድ ፈቃድ ሊያወጣ ሲል፣ ለምርጫ ሊወዳደር ሲል የሚጠየቀው "ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ?" ተብሎ ነው። ክሱ የተቋረጠለት "አላውቅም" ይላል። ምሕረት ያገኘውም ሕጉ እንዳልተፈረደበት ይቆጥረዋል። ይቅርታ ያገኘው ግን "አዎ፣ ተፈርዶብኝ ነበር" ይላል። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ በር ወጥተው ሊሆን ይችላል። በሕግ ፊት ግን እኩል አይደሉም።

የሌላው አገር ነገር

ድንበሩን ለመረዳት ድንበሩ ሰፊ የሆነበትን አገር ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ የይቅርታ ሥልጣን ሲሰጥ የጻፈለት ገደብ ሁለት ያህል ነው። ወንጀሉ የፌዴራል መንግሥቱ ወንጀል መሆን አለበት፤ እንዲሁም ምክር ቤቱ ባለሥልጣንን ከሥልጣን ለማውረድ በሚያቀርበው ክስ ውስጥ መግባት አይችልም። ከዚህ ውጭ ቦርድ አያስፈልገውም፤ ፍርድ እስኪሰጥም መጠበቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1974 ፕሬዚዳንት ፎርድ ከእርሳቸው በፊት ለነበሩት ለኒክሰን ይቅርታ ያደረጉት ክስ እንኳ ሳይመሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ፕሬዚዳንት ባይደን ለገዛ ልጃቸው ይቅርታ አደረጉ። በጥር 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን በምክር ቤቱ ሕንጻ ላይ በ2021 ከደረሰው ወረራ ጋር በተያያዘ ለ1500 ያህል ሰዎች ይቅርታና የቅጣት ቅነሳ ሰጡ።

አሜሪካኖች ራሳቸው ስለዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ይኖራሉ። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን አንድ ነው። ሥልጣኑ ለሰውየው ሲተው፣ ይቅርታው የሰውየውን ጠባይ ይከተላል። ደግ ቢሆን ለተረሳው እስረኛ ይደርሳል፤ ወገን የሚለይ ቢሆን ለወገኑ ይሄዳል። የእኛ ሕገ መንግሥት ይህን የሰው ጠባይ ፈርቶ ሥልጣኑን በሕግ አሰረው ማለት ይቻላል። ከዚህም አልፎ አሜሪካኖች ያላበጁትን አንድ ትልቅ አጥር ሠራ። እርሱም አንቀጽ 28 ነው።

ማንም የማይዘለው አጥር

አንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች ይናገራል። የሰው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን በአስገዳጅ መሰወርና ኢሰብዓዊ ድብደባ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። በእነዚህ ወንጀሎች ላይ የሚቀርብ ክስ በይርጋ አይታገድም። ሕግ አውጪው ምክር ቤትም ሆነ ማንኛውም የመንግሥት አካል በምሕረት ወይም በይቅርታ ሊያልፋቸው አይችልም። "ማንኛውም የመንግሥት አካል" ሲል ፕሬዚዳንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም ምክር ቤቱም እዚያ ውስጥ ናቸው። በዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 2 ግን አንዲት ጠባብ መስኮት ተትታለች። በእነዚህ ወንጀሎች ሞት የተፈረደበትን ሰው ቅጣት ርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለውጠው ይችላል።

ይህ አንቀጽ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። የተጻፈው የቀይ ሽብር እናቶች ልቅሶ ገና ሳይደርቅ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ የተረሸኑት 60 ያህል ሰዎችና ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ የወደቁት ወጣቶች ገና በአገሩ አእምሮ ውስጥ ነበሩ። ሕግ አውጪዎቹ "ነገ አንድ መንግሥት መጥቶ ለፖለቲካው ሲል ይህን ደም እንዳይሰርዘው" ብለው አጠሩት። አንቀጹ የተቀመጠው በመብቶችና ነጻነቶች ምዕራፍ ውስጥ ስለሆነ፣ ለማሻሻል የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች ድጋፍና የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ስለዚህ አጥሩ ሁለት ቁልፍ አለው።

አጥሩም ተፈትኗል። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተከፈተ። ከ12 ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 1999 ጥፋተኞች ተባሉ፤ በጥር ወር ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች 18 ሰዎች ላይ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በ2003 የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሃይማኖት መሪዎች ለታሰሩት ይቅርታ እንዲደረግ ተንቀሳቀሱ። ሽማግሌዎቹ የመጡት በቅን ልቦና ነው፤ እርቅ መፈለግ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አንቀጽ 28 በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይቅርታ አይቻልም። በግንቦት 2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ያደረጉት ሕገ መንግሥቱ የፈቀደላቸውን ያችኑ ጠባብ ነገር ነው። የ23 ሰዎችን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ እንበል። ሰዎቹ ከ1983 ጀምሮ ታስረው ስለነበር ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ለአመክሮ የሚያስፈልገውን 20 ዓመት ፈጽመዋል። በመስከረም 2004 አቶ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስንና ኮሎኔል ፍሥሐ ደስታን ጨምሮ 16 ያህሉ በአመክሮ ወጡ። ተመሳሳይ ነገር ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተደገመ። ከ1983 ጀምሮ በአዲስ አበባ የጣሊያን ኤምባሲ ተጠግተው የኖሩት ኮሎኔል ብርሃኑ ባየህና ጄኔራል አዲስ ተድላ በታኅሣሥ 2013 የሞት ቅጣታቸው በፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ወዲያውም ፍርድ ቤት በአመክሮ ለቀቃቸው።

"ታዲያ ውጤቱ አንድ አይደለም ወይ? በይቅርታ ባይወጡ በአመክሮ ወጡ" የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅጣትን መለወጥና አመክሮ ተደምረው ይቅርታ የማያስገባውን በር ከጎን ከፍተዋል ቢባል ሐሰት አይሆንም። በተለይ ኤምባሲ ውስጥ የኖሩበትን ዘመን በእስር ቤት ከተፈጸመ ቅጣት ጋር ማስተካከሉ የሚያከራክር ነው። ሆኖም ልዩነቱ አልጠፋም። ፍርዱ አልተሰረዘም። "ይህ ወንጀል ተፈጽሟል፤ የፈጸሙትም እነዚህ ናቸው" የሚለው የፍርድ ቤት ቃል እንዳለ ነው። መንግሥት በሟቾቹ ስም "ይቅር ብለናል" አላለም። ሕገ መንግሥቱ የከለከለውም ይህንኑ ነው።

የሞት ፍርድና ፊርማ

ድንበሩ የሚመዘነው በቅጣቱ ክብደት ሳይሆን በወንጀሉ ዓይነት መሆኑንም መገንዘብ ይገባል። በ2002 በሌሉበት ሞት የተፈረደባቸው አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ በግንቦት 2010 በይቅርታ ወጥተዋል። የተከሰሱበት ነገር በአንቀጽ 28 ከተዘረዘሩት ስላልሆነ፣ ሞት የተፈረደባቸው ቢሆንም የይቅርታው በር ክፍት ነበር።

በሌላ በኩል ሕጉ በፕሬዚዳንቱ ላይ አንድ ከባድ ኃላፊነት ጥሏል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 መሠረት ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው በቀር የሞት ፍርድ አይፈጸምም። ቅጣቱ በይቅርታ ወይም በምሕረት አለመቅረቱ ሳይረጋገጥም አይፈጸምም። በ1993 የደኅንነት ኃላፊውን አቶ ክንፈ ገብረ መድኅንን በገደለው ሻለቃ ላይ የተሰጠው የሞት ፍርድ በ1999 መጨረሻ ተፈጽሟል። ፊርማ ነፍስ ያድናል፤ ፊርማ ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ "ፕሬዚዳንቱ የሥነ ሥርዓት ሰው ናቸው" የምንለው አባባል በዚህ ቦታ ላይ አይሠራም።

በፊቅህ ውስጥ ያለው መለያ

የሙስሊም አንባቢ "ይህ ነገር በእኛ የፍርድ ትምህርት እንዴት ይታያል?" ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ከርዕሳችን ጋር ስለሚገናኝ በአጭሩ እንየው። የፊቅህ ሊቃውንት ይቅርታን ሲያዩ አስቀድመው የሚጠይቁት "ሐቁ የማን ነው?" ብለው ነው። በቂሷስ፣ ማለትም በነፍስና በአካል ጉዳት፣ ሐቁ የተበዳዩ ወይም የሟች ወራሾች ነው። እነርሱ ካሳ ተቀብለው ወይም ለአላህ ብለው ይቅር ሊሉ ይችላሉ፤ መሪው ግን ወራሾች እያሉ በእነርሱ ፈንታ "እኔ ይቅር ብያለሁ" ሊል አይችልም። በሑዱድ ደግሞ ጉዳዩ መሪው ዘንድ ከደረሰ በኋላ አማላጅ አይገባም። ከከበረ ጎሣ የሆነች ሴት በስርቆት ተይዛ ኡሳማ ቢን ዘይድ ሊያማልድላት በመጣ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ያህል እንደተቆጡ የታወቀ ነው። ለመሪው ሰፋ ያለ ቦታ የተተወለት በተዕዚር፣ ማለትም ቅጣቱ ለዳኛውና ለመሪው ግምት በተተወ ጉዳይ ነው። በዚያም ቢሆን የሰው ሐቅ ካለበት የሰውየው ሐቅ አይነካም።

ሁለቱ የሕግ ሥርዓቶች ምንጫቸው የተለያየ ነው፤ አንዱን በሌላው መተርጎም አይገባም። የሚገናኙበት ጥያቄ ግን ግልጽ ነው። የሌላውን ሐቅ ይቅር ማለት ልግስና አይደለም። በአገራችን የወንጀል ሕግም ይቅርታ ወይም ምሕረት ያገኘ ሰው ለተበዳዩ ሊከፍል የሚገባው ካሳ በዚያ ምክንያት አይቀርለትም። መንግሥት የራሱን ቅጣት ሊተው ይችላል፤ የባልቴቲቱን ካሳ ግን አይተውባትም።

የተሰጠ ይቅርታ ይነሣልን?

አጥሩ ሰጪውን ብቻ ሳይሆን ተቀባዩንም ይመለከታል። በምርጫ 97 ማግሥት ከታሰሩት የቅንጅት መሪዎችና ሌሎች ላይ ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዕድሜ ልክን ጨምሮ ከባድ ቅጣት ተፈረደ። ከአራት ቀን በኋላ ሐምሌ 13 ቀን 38 ሰዎች በይቅርታ ወጡ። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። በ2001 መጀመሪያ ላይ ስለ ይቅርታው አሰጣጥ በውጭ አገር በተናገሩት ነገር ምክንያት ይቅርታው ተነሣ። አዲስ ክስና አዲስ ፍርድ ሳይኖር በታኅሣሥ ወር ወደ ዕድሜ ልክ እስራታቸው ተመለሱ። በመስከረም 2003 እንደገና በይቅርታ ወጡ። እኚሁ ሴት በ2011 የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ።

በማታለል የተገኘ ይቅርታ ዋጋ የለውም የሚለው ድንጋጌ በራሱ ክፉ አይደለም። በሐሰት ማስረጃ ይቅርታ ያገኘ ሰው ቢኖር ሕጉ ዝም ሊለው አይገባም። ችግሩ ማታለል መኖሩን የሚወስነው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። የሰጠው አካል ራሱ ከሳሽም ዳኛም ሆኖ የሚነሣው ከሆነ፣ ይቅርታ ያገኘ ሰው ነጻ ሰው አይደለም፤ ረጅም ገመድ የታሰረበት እስረኛ ነው። ዝም ሲል ነጻ ነው፤ ሲናገር ይሳባል። ነጻነትን መልሶ የሚነጥቅ ውሳኔ በክርክርና በማስረጃ፣ በገለልተኛ ዳኛ ፊት ሊሰጥ ይገባል ብለን የምንከራከረው ለዚህ ነው።

ንጹሕ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። የይቅርታ ማመልከቻ በተግባር ጥፋትን አምኖ መጸጸትን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። "አላጠፋሁም" የሚል ሰው ምን ብሎ ይጻፍ? ይህ ጥያቄ ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። የሙስሊሙን ጥያቄ ለመንግሥት ለማቅረብ የተመረጠው ኮሚቴ አባላትና አብረዋቸው የተከሰሱት፣ በጠቅላላው 18 ሰዎች፣ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰው በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ከፊሎቹ በመስከረም 2008 በይቅርታ ወጡ፤ ሌሎች እስከ የካቲት 2010 ድረስ ቆዩ። በዚያ ዘመን በየመስጊዱ ደጅ "ይፈርሙ ወይስ አይፈርሙ?" የሚል ክርክር ያልሰማ የአዲስ አበባ ሙስሊም ጥቂት ነው።

የፈረመውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ልጆቹንና የታመመች እናቱን እያሰበ ያለ ሰው ላይ ከውጭ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። አልፈርምም ያለውም ክብሩን ነው የጠበቀው። ወቀሳው የሚያርፈው በአሠራሩ ላይ ነው። ይቅርታ የተሠራው ጥፋተኛ ለሆነና ለተጸጸተ ሰው ነው። ፍርዱ ራሱ ስሕተት ነው ለሚባል ሰው መድኃኒቱ ይግባኝ፣ ሰበርና የፍርድ ቤት ነጻነት ነው። ፍርድ ቤት ማረም ያለበትን ስሕተት ይቅርታ ሲሸፍነው፣ ሰውየው ከእስር ይወጣል፤ ስሕተቱ ግን በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ቀደም ብለን እንዳልነው ይቅርታ ፍርዱን አይሰርዝምና "ወንጀለኛ ነበር" የሚለው ቃል ከልጆቹ ጋር ያድጋል።

ዛሬ የሚያስፈልገው

ይህን ሁሉ ማንሳታችን ያለፈውን ለመተረክ ብቻ አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በጥቅምት 2013 ጀምሮ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጦርነት ብዙ ደም ትቶ ሄዷል። በሌሎች አካባቢዎችም ሰው በማንነቱና በእምነቱ ተገድሏል። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ ክስ፣ ስለ እውነት ማፈላለግ፣ ስለ እርቅ፣ ስለ ማካካሻና ስለ ምሕረት ይናገራል። "ምሕረት" የሚለው ቃል በዚህ ሰነድ ውስጥ ሲነበብ አንቀጽ 28 አጠገቡ ተከፍቶ መነበብ አለበት። ያለ ፍርድ የገደለ፣ ሰውን የሰወረ፣ በድብደባ ያሠቃየ ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ይቅር ሊባል አይችልም። ይህን የከለከለው የተሸናፊ ወይም የአሸናፊ ፍላጎት አይደለም፤ የአገሪቱ የበላይ ሕግ ነው።

እርቅ ግን አልተከለከለም። ተበዳዩ በፈቃዱ በልቡ ይቅር ቢል ማንም አያግደውም። እውነቱ ተነግሮ፣ ካሳው ተከፍሎ፣ ሰዎች ጎረቤት ሆነው መኖራቸው የሚፈለግ ነው። የተከለከለው መንግሥት በተበዳዩ ስም፣ ተበዳዩን ሳይጠይቅ መዝገቡን መዝጋቱ ነው።

እንግዲህ በማረሚያ ቤቱ በር ላይ ለቆመው ሰው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ይቅርታ በምልጃ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ በማመልከቻ የሚጠየቅ በሕግ የተሠራ ነገር ነው። የፍርዱን ግልባጭ ያዝ። ጉዳዩ የክልል ነው ወይስ የፌዴራል ብለህ ለይ። ይግባኝህን ሳትጨርስ ለይቅርታ አትቸኩል፤ ስትጠይቅም የምትፈርመውን አንብበህ ፈርም። የሚለቁህ በየትኛው መንገድ እንደሆነ፣ በክስ ማቋረጥ፣ በይቅርታ፣ በምሕረት ወይስ በአመክሮ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቀህ ያዝ፤ ነገ የሚጠይቅህ አለና።

እርሳስ ለያዙት ሹማምንት ደግሞ የምንለው አጭር ነው። ይቅርታ ማድረግ መልካም ነው። የራስን ሐቅ ይቅር ማለት ከሁሉ ይበልጣል። የሌላውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ሳይናገር አንሥቶ መስጠት ደግነት ሊባል አይችልም። ወላሁ አዕለም።